እኛ ያላየነው ሥራቸው፦ ስለ ኢስቶኒያዊቷ ተዋናይት ኢታ ኤቨር የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ የትያትር ባለሙያዎች፣ ውድ የትወና ተማሪዎች፣ ክቡራትና ክቡራን፤ እንደምን አመሻችሁ። ከሥራችሁም ከቤታችሁም ጊዜ ቀንሳችሁ፣ ብዙዎቻችሁ ስማቸውን ሰምታችሁ ስለማታውቁት አንዲት ተዋናይት ለማድመጥ እዚህ በመገኘታችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ይህን ምሽት ያሰናዱልንን ወንድሞችና እህቶችም እግዚአብሔር ይስጥልን እላለሁ።

ዛሬ የምናገረው ስለ ኢስቶኒያዊቷ የመድረክና የፊልም ተዋናይት ስለ ኢታ ኤቨር ነው። ኢታ ኤቨር በ1931 ተወልደው በ2023 በ92 ዓመታቸው ያረፉ፣ ከ1953 ጀምሮ የሥራ ዘመናቸውን ለአንድ ትያትር ቤት የሰጡ ባለሙያ ናቸው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳስብ። ንግግሬን የምጀምረው እኛ የውጭ ሰዎች ካየነው ሥራቸው፣ ማለትም ከፊልሙ ነው። ቀጥዬ ከየት እንደ መጡና የት እንደ ተማሩ እነግራችኋለሁ። ሦስተኛውና ዋናው ነገሬ ያ ትያትር ቤት ነው፤ እዚያ ላይ ረዘም አድርጌ ስለምቆይ ታገሡኝ። በመጨረሻ ስለ እርጅና ዘመናቸው ጥቂት እላለሁ። ከአሁኑ እንድትይዙልኝ የምፈልገው ሐሳብ አንድ ነው፦ የኢታ ኤቨር ታላቁ ሥራ እኛ ያላየነው ሥራቸው ነው። ደግሜ እላለሁ፤ ታላቁ ሥራቸው እኛ ያላየነው ነው።

እንግዲህ ከፊልሙ ልነሣ። በ1980ዎቹ ብዙ ኢትዮጵያውያን ወጣቶች ለትምህርት ወደ ሶቭየት ኅብረት እንደ ሄዱ ታስታውሳላችሁ፤ በዚህ አዳራሽ ውስጥም የዚያ ዘመን ባልንጀሮቼን አያለሁ። እኔ የምማረው ሌኒንግራድ ነበር። በተማሪዎች ማደሪያችን ውስጥ አንድ የጋራ ቴሌቪዥን ነበረ፤ ማታ ማታ ከእስያም፣ ከአፍሪካም፣ ከላቲን አሜሪካም የመጣን ልጆች በዙሪያው እንሰበሰባለን። ብርቱ በረዶ በሚጥልበት አንድ ምሽት «የጥቁር ወፎቹ ምስጢር» የተባለ ፊልም ታየ። ይህ ፊልም የሞስኮው ስቱዲዮ ሞስፊልም በ1983 ያወጣው፣ ቫዲም ዴርቤንዮቭ ያዘጋጁት፣ ከእንግሊዛዊቷ ደራሲ ከአጋታ ክሪስቲ ልብ ወለድ የተወሰደ የወንጀል ታሪክ ነው። አንድ ባለጸጋ ነጋዴ ተመርዞ ይሞታል፤ በልብሱ ኪስ ውስጥ ምክንያቱ የማይታወቅ ጥቂት እህል ይገኛል። ከእርሱ በኋላ በዚያው ቤት ሌሎችም ይሞታሉ። ምስጢሩን የምትፈታው ከመንደሯ የመጣችው አሮጊት፣ ሚስ ማርፕል ናት።

የማደሪያው በር ጠባቂ የነበሩት ሴትዮ ከኋላችን ቆመው ሲመለከቱ ቆዩና «እንግሊዛዊት እንዳይመስሏችሁ፤ የታሊን ሴት ናቸው» አሉን። የኢስቶኒያ ዋና ከተማ ታሊን ከሌኒንግራድ በባቡር የአንድ ሌሊት መንገድ ነው። ያቺ ቀጥ ብላ የምትቀመጥ፣ ሻይዋን በእርጋታ የምትቀዳ፣ ሰው ሁሉ ችላ ሲላት እርሷ ግን አንዲት ቃል የማታመልጣት አሮጊት የዚያው የጎረቤት ከተማ ሰው መሆኗ ለእኔ እጅግ አስገራሚ ነበር። በማግሥቱ ያገኘሁትን ሰው ሁሉ ስለ እርሳቸው እጠይቅ ጀመር።

አንድ እንግሊዛዊት ገጸ ባሕርይ ለኢስቶኒያዊት ተዋናይት የተሰጠችው ለምንድን ነው? ምክንያት ነበረው። በዚያ ዘመን የሶቭየት ፊልም አዘጋጆች የምዕራብ አገር ሰው ሲያስፈልጋቸው ዓይናቸውን የሚጥሉት በባልቲክ አገሮች ተዋንያን ላይ ነበር። ጀርመናዊው፣ እንግሊዛዊው፣ አሜሪካዊው፣ ፈረንሳዊው ሁሉ ከታሊን፣ ከሪጋና ከቪልኒውስ ይመጣል። ሊቱዌኒያዊው ዶናታስ ባንዮኒስ በ1972 የአንድሬይ ታርኮቭስኪን «ሶላሪስ» በመሪ ተዋናይነት ተጫወቱ፤ በዚያው ፊልም ኢስቶኒያዊው ዩሪ ያርቬትም ነበሩ። ሌላው ኢስቶኒያዊ ሌምቢት ኡልፍሳክ በአውሮፓ ተረት የታወቀውን ቀልደኛ ቲል ኡለንሽፒግልን ሆነው ሠርተዋል። ነገሩ በአንድ በኩል ዕድል ነበር፤ በሌላ በኩል ግን ዋጋ ያስከፍላል። የባልቲክ ተዋናይ ሩስያኛውን ሲናገር የትውልድ አገሩ ቅላጼ ስለሚሰማ፣ ብዙ ጊዜ ድምፁ ወጥቶ በሌላ ሰው ድምፅ ይተካ ነበር። ዩሪ ያርቬት በ1971 በግሪጎሪ ኮዚንትሴቭ ፊልም ንጉሥ ሊርን ሆነው በተጫወቱ ጊዜ፣ የሩስያኛው ድምፅ የዚኖቪ ጌርት ነበር። ተማሪዎቼ፣ እስቲ አስቡት፤ ሼክስፒር ከጻፋቸው ገጸ ባሕርያት ከሁሉ የሚከብደውን ትጫወታላችሁ፣ ዓለም ያደንቃችኋል፣ የሚሰማው ድምፅ ግን የእናንተ አይደለም። ለትንሽ ቋንቋ ተዋናይ ትልቁ ስክሪን የሚሰጠው ዝና እንዲህ ያለ ነበር።

አሁን ኢታ ኤቨር በዚያ ፊልም ምን እንደ ሠሩ ጥቂት ልናገር። ቀረጻው ሲካሄድ ዕድሜያቸው ገና 50ን አለፍ ያለ ነበር። አሮጊት ናቸው ማለት አይቻልም። የብሪታንያው ቴሌቪዥን በጆአን ሂክሰን ተዋናይነት የታወቀውን የሚስ ማርፕል ተከታታይ ፊልም ማሳየት የጀመረው በ1984 ነውና፣ ያንን አይተው ሊከተሉት አይችሉም ነበር። እርጅናን የሚያሳይ ተዋናይ ብዙ ጊዜ የሚወድቀው በመጉበጥና በመንቀጥቀጥ ነው። እርሳቸው ጀርባቸውን አላጎበጡም፤ እጃቸውን አላንቀጠቀጡም። እርጅናውን ያስቀመጡት በጊዜ አጠቃቀማቸው ውስጥ ነው። ጥያቄ ሲቀርብላቸው ለመመለስ አይቸኩሉም፤ ሰው ሲናገር ዓይናቸው ከሰውየው ፊት ወደ እጁ፣ ከእጁ ወደ በሩ ይሄዳል፤ ፈገግታቸው ከከንፈራቸው ሳይጠፋ ዓይናቸው ብቻ ይቀዘቅዛል።

በልብ ወለዱ ውስጥ ሚስ ማርፕል ወደዚያ ቤት የምትመጣው ለባለጸጋው ተቆርቁራ አይደለም። ከተገደሉት አንዷ የቤት ሠራተኛ ናት፤ ድሃ፣ የምታሳዝን፣ ማንም የማይቆምላት ልጅ። ሥራ ያስተማረቻት ሚስ ማርፕል ናት። ስለዚህ ያ ሁሉ ጨዋነት ከሥሩ ቁጣ አለው። ኢታ ኤቨር ይህን የተረዱት ይመስለኛል። ፊልሙን ደግሜ ባየሁት ቁጥር የሚይዘኝ ያ ቁጣ ነው፤ ሳይጮኽ፣ ሳያለቅስ፣ በሻይ ሥርዓት ውስጥ ተቀምጦ የሚጠብቅ ቁጣ። እንዲህ ያለ ነገር በአንድ ፊልም ቀረጻ ላይ አይለመድም። ታዲያ ከየት አመጡት? ይህ ጥያቄ ወደ ሁለተኛው ነጥቤ ይወስደኛል።

ኢታ ኤቨር የተወለዱት ሚያዝያ 1 ቀን 1931 በመካከለኛው ኢስቶኒያ በምትገኘው በፓይዴ ከተማ ነው። ኢስቶኒያ ነፃነቷን ካወጀች ገና 13 ዓመቷ ነበር። ልጅነታቸው ሳያልቅ አገራቸው ሦስት ጊዜ ጌታ ቀያየረች፤ በ1940 ሶቭየቶች ገቡ፣ በ1941 ጀርመኖች ያዟት፣ በ1944 ሶቭየቶች ተመለሱ። በዚያው በ1944 መጋቢት ወር ታሊን ከአየር ስትደበደብ የአገሪቱ ኩራት የነበረው «ኢስቶኒያ» የተባለው ትልቁ ትያትር ቤት ተቃጠለ። በ1949 መጋቢት ደግሞ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከ20,000 በላይ ሰዎች፣ አብዛኞቹ ሴቶች፣ ሕፃናትና አረጋውያን፣ በከብት ማጓጓዣ ፉርጎ ተጭነው ወደ ሳይቤሪያ ተጋዙ። የዚያ ትውልድ ተዋንያን በመድረክ ላይ ዝም ሲሉ ዝምታቸው የሚከብደው ለምን እንደ ሆነ ስጠየቅ፣ እኔ ይህን ታሪክ ነው የማነሣው።

ትምህርታቸውን የተከታተሉት ሞስኮ ነው። በሩስያኛ ምሕፃረ ቃሉ ጊቲስ ተብሎ የሚታወቀው የሞስኮው የትያትር ተቋም ለሶቭየት ኅብረት ልዩ ልዩ ሕዝቦች የተለየ የትወና ክፍል ነበረው፤ ከኢስቶኒያ የተመለመሉት ወጣቶችም በአንድ ክፍል ሆነው በዚያ ሠለጠኑ። በ1953 ከጊቲስ ከተመረቁት ኢስቶኒያውያን መካከል ካልዮ ኪይስክ፣ አርቮ ክሩሴመንትና ግሪጎሪ ክሮማኖቭ ይገኙበታል። እነዚህ ስሞች ለእናንተ እንግዳ ናቸው፤ በኢስቶኒያ ግን የፊልም ታሪክ ያለ እነርሱ አይጻፍም። ክሮማኖቭ በ1969 ያወጡት «የመጨረሻው ቅርስ» በሶቭየት ኅብረት ሲኒማ ቤቶች ከ44 ሚሊዮን በላይ ተመልካች አይቶታል። ይህ ትውልድ የተመረቀው ስታሊን በሞተበት ዓመት ነው፤ የተማረው በፍርሃት ዘመን፣ ሥራ የጀመረው ደግሞ በረዶው ሊቀልጥ ባለበት ጊዜ ነበር። ኢታ ኤቨርም በዚያው በ1953 ታሊን ተመልሰው ወደ ድራማ ትያትር ገቡ።

ወደ ቤቱ ከመግባቴ በፊት ስለ አገሩ አንድ ነገር ልጨምር፤ አለዚያ የምለው አይጨበጥም። ኢስቶኒያውያን ከትያትር ጋር ያላቸው ግንኙነት እኔ በሌላ አገር ያላየሁት ዓይነት ነው። በቋንቋቸው የተሠራው ትያትር ልደቱ የሚቆጠረው ከ1870 ነው፤ በታርቱ ከተማ «ቫነሙይነ» የተባለው ማኅበር ባለቅኔዋ ሊዲያ ኮይዱላ ከጀርመንኛ ተነሥታ ያሰናዳችውን ተውኔት ባሳየ ጊዜ። ያን ጊዜ መሬቱም፣ ንግዱም፣ የተማረውም ክፍል ቋንቋ የጀርመኖች ነበር፤ መንግሥቱ የሩስያ ነበር። ገበሬው ሕዝብ በራሱ ቋንቋ ሲናገር የሚታይበት ከፍ ያለ ቦታ መድረኩ ሆነ። ዛሬ የአገሩ ሕዝብ ቁጥር ወደ 1.3 ሚሊዮን ነው፤ በደህና ዓመት ለትያትር የሚቆረጠው ትኬት ከአንድ ሚሊዮን ይበልጣል። ይህን ቁጥር ስትሰሙ ምን ተሰማችሁ? እኔ መጀመሪያ ስሰማው ቀናሁ፤ መልካም ቅናት ቀናሁ።

አሁን ወደ ሦስተኛው ነጥብ፣ ወደ ቤቱ እንግባ።

የኢስቶኒያ ድራማ ትያትር የሚገኘው በታሊን መሐል፣ ከተቃጠለ በኋላ እንደገና ከተሠራው ከ«ኢስቶኒያ» ትያትር ቤት አጠገብ ነው። ሕንፃውን በ1910 ያሠሩት የከተማዋ ጀርመኖች ለራሳቸው ትያትር ነበር፤ በኋላ የኢስቶኒያውያን ሆነ። ስሙ በየመንግሥቱ ተለዋውጧል። አሠራሩ ግን ያው ነው፤ የእናንተ የተማሪዎቹን ልብ የምፈልገውም እዚህ ላይ ነው። ቤቱ ቋሚ የተዋንያን ቡድን አለው። ተዋናዩ ደመወዝተኛ ነው፤ ለአንድ ሥራ ተጠርቶ ሥራው ሲያልቅ የሚሰናበት አይደለም። በአንድ ወቅት ብዙ ተውኔቶች በአንድ ላይ በሥራ ላይ ይቆያሉ፤ ዛሬ የሚታየው ነገ አይታይም፣ ከሳምንት በኋላ ይመለሳል። አንዲት ተዋናይት ማክሰኞ ንግሥት ሆና፣ ረቡዕ በአስቂኝ ተውኔት የጎረቤት ሴት ሆና፣ ዓርብ ደግሞ ሁለት ቃል ብቻ የምትናገር አገልጋይ ሆና ትወጣለች። ጠዋት ለሚቀጥለው ተውኔት ልምምድ አለባት፤ ከሰዓት በኋላ ሬዲዮ ጣቢያው ወይም የፊልም ስቱዲዮው ይጠራታል፤ ማታ መድረክ ላይ ናት። ይህ ለዓመታት፣ ለአሥርት ዓመታት ይቀጥላል።

እኔ ይህን በመጽሐፍ አልተማርኩትም፤ ሄጄ ነው ያየሁት። ያን ጊዜ የውጭ ተማሪ ከሚማርበት ከተማ ለመውጣት ፈቃድ ያስፈልገው ነበርና ፈቃዱን ጠብቄ፣ በሌሊቱ ባቡር ታሊን ገባሁ። ዓላማዬ ኢታ ኤቨርን በመድረክ ላይ ማየት ነበር። ማታ ትያትር ቤቱ ስደርስ የመጀመሪያው ያስገረመኝ ሕዝቡ ነበር። ሰዉ ካፖርቱን ከማስቀመጫው ክፍል ያስረክባል፤ ሴቶቹ በከረጢት ይዘው የመጡትን ቀጭን ጫማ አውጥተው የበረዶ ቦቲያቸውን ያወልቃሉ፤ ወንዶቹ መስተዋት ፊት ቆመው ፀጉራቸውን ያስተካክላሉ። ሰው እንዲህ የሚሰናዳው ቤተ ክርስቲያን ሲሳለም ወይም ሠርግ ሲጠራ ነው። ካፖርቴን የተቀበሉኝን እናት «ዛሬ ኢታ ኤቨር ይጫወታሉ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ዛሬ የእርሳቸው ምሽት አይደለም፤ ነገ ናቸው» አሉኝ። የፈቃዴ ጊዜ የሚያበቃው በማግሥቱ ጠዋት ነበር፤ ባቡሬም ያው ሌሊት ነው።

ገብቼ የነበረውን አየሁ። ቋንቋውን ስለማላውቅ ዓይኔ ያረፈው ተዋንያኑ እርስ በርሳቸው በሚያደርጉት ነገር ላይ ነበር። አንዱ ሲናገር ሌሎቹ የሚያደምጡት ማድመጥ! አንዲት ሴት ከመድረኩ ጥግ ወንበር ላይ ተቀምጣ ለረጅም ጊዜ ምንም አልተናገረችም፤ ግን ትዕይንቱን ይዛው የነበረችው እርሷ ናት። አብረው የኖሩ ሰዎች መሆናቸው ያስታውቃል። የአንዱ ትንፋሽ ሲያጥር ሌላው ያውቃል። ያን ጊዜ ነው በቴሌቪዥን ያየሁት የሚስ ማርፕል ማድመጥ ከየት እንደ መጣ የገባኝ። ያ ማድመጥ የአንድ ቤት ልማድ ነበር። እኔም ኢታ ኤቨርን በሥጋ በመድረክ ላይ ሳላይ ቀረሁ፤ ከዚያ በኋላም አልተሳካልኝም። ለዚህ ነው ታላቁ ሥራቸው እኛ ያላየነው ነው የምለው።

በዚያ ቤት ታሪክ ውስጥ የቮልደማር ፓንሶ ስም ሳይነሣ ማለፍ አይቻልም። ፓንሶ በጊቲስ የታላቁ የሩስያ የትወና መምህር የስታኒስላቭስኪ ደቀ መዝሙር ከነበሩት ከማሪያ ክኔቤል ዝግጅትን የተማሩ፣ በ1957 በታሊን ኮንሰርቫቶሪ የትወና ትምህርት ክፍልን የመሠረቱ፣ በ1970ዎቹ ደግሞ የድራማ ትያትር ዋና አዘጋጅ የነበሩ ሰው ናቸው። ዛሬ ድረስ የኢስቶኒያ ተዋንያን የሚበዙት ከዚያ ትምህርት ክፍል የወጡ ናቸው። ለኢታ ኤቨርና ለእኩዮቻቸው ይህ ምን ትርጉም ነበረው? ከእነርሱ በኋላ የመጡት ወጣቶች በየጊዜው አዲስ መንፈስ ይዘው ወደ ቤቱ ይገባሉ። ነባሩ ተዋናይ ምርጫው ሁለት ነው፤ «እኛ የተማርነው እንዲህ አይደለም» ብሎ ጥግ መያዝ፣ ወይም ከልጆቹ ጋር ልምምድ ክፍል ገብቶ እንደገና መጀመር። ኢታ ኤቨር ከልጆቹ ጋር ገቡ። በአሥርት ዓመታት ውስጥ በተፈራረቁ አዘጋጆች ሥር፣ በአሳዛኙም በአስቂኙም፣ በትልቁም ቦታ በትንሹም ቦታ ሠሩ። ሰው ሳቅን ከሚችል ሐዘንን አይችል፣ ሐዘንን ከሚችል ሳቅን አይችል ይባላል፤ በቋሚ ቡድን ውስጥ ያደገ ተዋናይ ግን ሁለቱንም ሳይወድ በግዱ ይማራል።

እዚህ ላይ ከራሴ የማስተማር ሥራ አንድ ነገር ልንገራችሁ። አንዲት በጣም ተስፋ የሚጣልባት ወጣት በተማሪዎች ዝግጅት ውስጥ የጫካ ጠንቋይ አሮጊት እንድትጫወት ስሰጣት፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ «ጋሼ፣ አንዴ አሮጊት ሆኜ ከታየሁ ማንም ሌላ ቦታ አይሰጠኝም» አለችኝ። ፍርሃቷ ከንቱ አይደለም። በእኛ ሙያ መልክና ዕድሜ ሴቶችን እንዴት እንደሚያሳድድ እህቶቼ ከእኔ ይበልጥ ታውቁታላችሁ። ስለዚህ ገሠጽኋት ብዬ አልዋሽም። ቁጭ አድርጌ ስለ «ኑኪትሳሜስ» ነገርኋት።

«ኑኪትሳሜስ» የታሊንፊልም ስቱዲዮ በ1981 ያወጣው፣ ሄሌ ካሪስ ያዘጋጁት፣ ከኦስካር ሉትስ የልጆች ታሪክ የተወሰደ በዘፈን የታጀበ ፊልም ነው። አንድ ወንድምና እህት ጫካ ውስጥ መንገድ ይጠፋቸውና በጫካ ሰዎች እጅ ይወድቃሉ፤ ሥራ እያሠሯቸው ያኖሯቸዋል፤ በመጨረሻ ሲያመልጡ ቀንድ ያለውን ትንሹን የጫካ ልጅ ይዘውት ወደ ሰው ቤት ይመጣሉ። የዚያ ጫካ ቤት እመቤት፣ የቆሸሸችውና የምታስፈራዋ አሮጊት፣ ኢታ ኤቨር ናቸው። 50 ዓመት በሞላቸው ሰሞን፣ በዋና ከተማው ትልቅ ትያትር ቤት ስመ ጥር ተዋናይት ሆነው ሳሉ፣ ጥላሸት ተቀብተው፣ ቡቱቶ ለብሰው፣ ካሜራ ፊት ቆሙ። ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ ደግሞ ንጹሕ አንገትጌ ያላት ጨዋ እንግሊዛዊት ሆነው ታዩ። ሁለቱን ፊልሞች ተከታትሎ ያየ ሰው አንድ ተዋናይት መሆናቸውን ለማመን ይቸገራል። የኢስቶኒያ ልጆች ትውልድ ከትውልድ ያንን ፊልም እያዩ አድገዋል። ያቺ ተማሪዬም አሮጊቷን ተጫወተቻት፤ በሚያምር ሁኔታ ተጫወተቻት።

ወዳጆቼ፣ እስቲ ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን እናድርጋቸው። በ1989 የሶቭየት ኅብረት ሕዝብ 286 ሚሊዮን ያህል ነበር፤ ሚስ ማርፕልን በቴሌቪዥን ሊያይ የሚችለው ያ ሁሉ ሕዝብ ነው። በዚያው ጊዜ ኢስቶኒያ ውስጥ የነበሩት ኢስቶኒያውያን አንድ ሚሊዮን እንኳ አይሞሉም። እኔን ጨምሮ ብዙዎቻችን ኢታ ኤቨርን የምናውቃቸው በዚያች አንድ ፊልም ነው። የታሊን ሰው ግን ከሴት አያቱ ጋር ሄዶ አይቷቸዋል፣ ከእናቱ ጋር ሄዶ አይቷቸዋል፣ የራሱን ልጅ ይዞ ሄዶ አይቷቸዋል። በሬዲዮ ድምፃቸውን ሲሰማ ስም ሳይጠራ ያውቃቸዋል። ለዚያ ሕዝብ በቋንቋው የሚናገሩለት፣ ድምፃቸው በማንም የማይተካ ሰው ነበሩ። ከመቶ ሚሊዮኖች ፊት በእንግድነት ከመታየትና ከአንድ ሚሊዮን ፊት ዕድሜ ልክ ከመቆም የትኛውን ትመርጣላችሁ? መልሱን ለእያንዳንዳችሁ እተወዋለሁ፤ የእኔን ግን ከድምፄ ሳትረዱት አልቀራችሁም።

ይህ ምርጫ ምን ያህል ከባድ ጉዳይ እንደ ነበረ የታየው በ1991 ነው። ነሐሴ 20 ቀን 1991 ኢስቶኒያ ነፃነቷን መለሰች። የሶቭየት ፊልም ገበያ ፈረሰ፤ ከሞስኮና ከሌኒንግራድ የሚመጣው ጥሪ ቆመ። በአገር ውስጥም በ1990ዎቹ የፊልም ሥራ ገንዘብ አጥቶ እጅግ ቀዘቀዘ። በስክሪን ዝና ላይ ብቻ የተደገፈ ተዋናይ እግሩ ሥር የነበረው መሬት ከዳው። ትያትር ቤቶቹ ግን በራቸውን አልዘጉም። ተመልካቹ ለአጭር ጊዜ ቢቀንስም ተመለሰ፤ አዲሱ መንግሥትም ድጎማውን ቀጠለ። ኢታ ኤቨር 60ኛ ዓመታቸውን በያዙበት በዚያ ወቅት የሚሄዱበት ቤት ነበራቸው። የሚያውቃቸው ሕዝብ ነበራቸው።

ወደ መጨረሻው ነጥቤ ልሻገር። ብዙ ተዋናይት ዕድሜዋ ሲገፋ የሚሰጣት ቦታ እየጠበበ ይሄዳል፤ የኢታ ኤቨር ቦታ ግን ሰፋ። በ2013 የወጣው፣ ሃርዲ ቮልመር ያዘጋጁት «ሕያው ሥዕሎች» የተባለው ፊልም ሲታይ 80ን አልፈው ነበር። ፊልሙ በአንድ የታሊን ቤት ውስጥ አብረው ያደጉ የሁለት ሰዎችን ዕድሜ ተከትሎ የአገሪቱን ሃያኛ ክፍለ ዘመን የሚተርክ ነው፤ አዛውንቷን ሴት ኢታ ኤቨር፣ አዛውንቱን ወንድ ሌላው የመድረክ ታላቅ ሰው አርነ ዩክስኩላ ተጫወቱ። አስተውሉልኝ፤ በዚያ ታሪክ ውስጥ ካሉት ወረራዎች፣ ጦርነቶችና ነፃነቶች የሚበዙትን ተዋናይቷ ራሳቸው በሕይወት ዘመናቸው አይተዋቸዋል። አዘጋጁ የፊታቸውን መስመር በቀለም ማምጣት አላስፈለገውም።

ስለ ቤተሰባቸው በአጭሩ ልጥቀስ፤ ምክንያቱም እርሱም የትያትር ታሪክ ነው። የቀድሞ ባለቤታቸው ኤይኖ ባስኪን በኢስቶኒያ የታወቁ የአስቂኝ ተውኔት ሰው ሲሆኑ፣ በ1980 በታሊን «የአሮጌው ከተማ ስቱዲዮ» የተባለውን ትያትር የመሠረቱ ናቸው፤ በ2015 ዐርፈዋል። ልጃቸው ሮማን ባስኪን በ1954 ተወልደው፣ ተዋናይም አዘጋጅም ሆነው፣ በ1991 «የሰላም ጎዳና» የተባለውን ፊልም አዘጋጅተዋል። ሮማን በ2018 ከእናታቸው ቀድመው ሞቱ። እናት ልጇን መቅበሯ ምን እንደ ሆነ በዚህ አዳራሽ ላለ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም፤ ስለዚህ አልፈዋለሁ።

ኢታ ኤቨር ነሐሴ 9 ቀን 2023 አረፉ። ከጊቲስ ወጥተው ወደ ድራማ ትያትር ከገቡ 70 ዓመት መሆኑ ነው።

የተከበራችሁ አድማጮቼ፣ ንግግሬን በዚህ አቆማለሁ፤ በትዕግሥት ስላዳመጣችሁኝ እጅግ አመሰግናለሁ። ከአጭር ዕረፍት በኋላ ባልደረቦቼ ከሁለቱ ፊልሞች፣ ማለትም ከ«ኑኪትሳሜስ» እና ከ«የጥቁር ወፎቹ ምስጢር» ጥቂት ትዕይንቶች ያሳዩናል። ተማሪዎች፣ አደራ የምላችሁ አንድ ነገር ነው፤ ኢታ ኤቨር በሚናገሩበት ጊዜ ሳይሆን ሌላው ሰው በሚናገርበት ጊዜ ተመልከቷቸው፣ ያያችሁትንም ጻፉ። ከዚያ በኋላ በጻፋችሁት ላይ እንወያያለን፤ ጥያቄ ያላችሁም ያን ጊዜ ጠይቁኝ።